የናሙናው ሌላ፣ የጆንያው ሌላ

ቡና ነጋዴ የአንዱን መጋዘን ናሙና ቀምሶ የሌላውን ጭነት ዋጋ አይቆርጥም። በቪዲዮ ጌም ገበያ ግን ይኸው ተደርጎ ብዙ ባለአክሲዮን ከስሯል።

ነገሩ እንዲህ ነው። የፖላንዱ ሲዲ ፕሮጄክት “ሳይበርፐንክ 2077” የተባለውን ጌም ዲሴምበር 10 ቀን 2020 ገበያ ላይ አዋለ። ሐያሲያን ከሦስት ቀን በፊት ያወደሱት የኮምፒዩተሩን ቅጂ ነበር። የፕሌይስቴሽን 4 እና የኤክስቦክስ ዋን ኮንሶሎችን ቅጂ ኩባንያው አስቀድሞ አልሰጣቸውም። ስምንት ሚሊዮን ቅጂ ግን ሳይታይ ታዝዞ ነበር።

ገዢው ሲከፍተው በኮንሶሎቹ ላይ ይንቀራፈፋል፣ ይቋረጣል። የሐያሲያንን ነጥብ የሚያጠናቅረው ሜታክሪቲክ ለኮምፒዩተሩ 86፣ ለፕሌይስቴሽን 4 ደግሞ 57 መዘገበ። ሶኒ ከሳምንት በኋላ ጌሙን ከመደብሩ አነሣ፤ የገዢዎችንም ገንዘብ መለሰ። በዋርሶ ገበያ የኩባንያው አክሲዮን በዚያው ወር ከነበረበት ከፍታ ከሲሶ በላይ ወረደ። በዲሴምበር 2021 ኩባንያው የአሜሪካ ባለአክሲዮኖችን ክስ በ1.85 ሚሊዮን ዶላር ለመጨረስ ተስማማ።

ሐያሲያኑ ያዩትን ጽፈዋል፤ ያላዩትን ግን ከነጥቡ አጠገብ በጉልህ ሊጽፉ ይገባ ነበር። ባለገንዘቡም “90 ከመቶ አገኘ” ሲባል “በየትኛው ማሽን?” ብሎ መጠየቅ አለበት። ሻጭ ናሙና ከከለከለ፣ ክልከላውን እንደ መልስ ቆጥሮ ገንዘብን በኪስ ማቆየት ይሻላል።