ልጅቷ ባንኩን እምቢ አለች

ባለፈው እሁድ እዚሁ ሓወልቲ ያለችው ጎረቤቴ ቡና ጠርታኝ ሄድኩ። ገና አቦሉ ሳይቀዳ ነገር እንዳለ ከፊቷ አነበብኩ። በአካውንቲንግ የተመረቀችው ልጇ የባንክ ሥራዋን ልትለቅ ነው። ገጠር ለሕፃናት ማንበቢያ ቤት ከሚከፍት ድርጅት ጋር ልትሠራ አስባለች።

«ሓፍተይ፣ ይህን ሁሉ ዓመት ያስተማርኳት መጽሐፍ በአህያ እንድታመላልስ ነው?»

አህያዋን ያነሳቻት ለስድብ ነበር። እኔ ግን ወዲያው አቶ ዮሐንስ ገብረጊዮርጊስ ትዝ አሉኝ። የነገሌ ቦረና ልጅ ናቸው። በስደት አሜሪካ ገብተው የቤተ መጻሕፍት ሙያ ተማሩና ሳን ፍራንሲስኮ የሕፃናት ክፍል ባለሙያ ሆኑ። በዚያ ሁሉ መደርደሪያ ላይ በአማርኛ የተጻፈ የልጆች መጽሐፍ ቢፈልጉ አጡ። የማሞ ቂሎን ተረት በአማርኛና በእንግሊዝኛ አሳተሙ፤ ኢትዮጵያ ካደገችው ደራሲ ጄን ከርትዝ ጋርም ድርጅት መሠረቱ። በ2002 እ.ኤ.አ. ሥራቸውን ትተው አገራቸው ገቡ። በቀጣዩ ዓመት አዲስ አበባ ሾላ፣ በሚኖሩበት ቤት ውስጥ የሕፃናት ቤተ መጻሕፍት ከፈቱ። ከዚያ ሐዋሳ ላይ አህያ የሚጎትተው የመጻሕፍት ጋሪ መጣ። ሲኤንኤን በ2008 ከዓመቱ አሥር ጀግኖች አንዱ አላቸው። ኋላም ወደ እኛው መቐለ መጥተው ለሕፃናትና ለወጣቶች ቤተ መጻሕፍት አቋቁመዋል።

ይህን ስነግራት ጎረቤቴ «እሳቸውማ ከአሜሪካ ነው የመጡት» አለች። እውነት አላት። ግን ይዘው የመጡት መጽሐፍ ብቻ አልነበረም፤ ሙያም ነበር። በኮንቴይነር የመጣ መጽሐፍ ብቻውን ቤተ መጻሕፍት አይሆንም። ጉምሩክ አለ፣ ማጓጓዣ አለ፣ የጠባቂ ደመወዝ አለ። ትግርኛ ማንበብ የጀመረ ልጅ የእንግሊዝኛ ተረት ቢደረደርለት ሥዕሉን አይቶ ይመልሰዋል። ለጋሽ ደግሞ ለእያንዳንዷ ብር ደረሰኝ ይጠይቃል። ታዲያ የሒሳብ ሰው እዚያ ካልተፈለገ የት ሊፈለግ ነው?

ለልጅቷም ግን አላዳላሁም። ተጠርታ ስትመጣ «ፕሮጀክቱ ስንት ዓመት ነው? የለጋሹ ገንዘብ ሲያልቅ ደመወዝሽስ? ጡረታ ይከፈልልሻል?» አልኳት። አንዱንም አልጠየቀችም። ይህ ነው የሚያናድደኝ፤ በጎ ሥራ ነው ሲባል ውል ማንበብ ነውር ይመስለናል። ሄዳ በጽሑፍ እንድትጠይቅ ነገርኳት። እናቷ ለመጀመሪያ ጊዜ ፈገግ አለች።

ልጅቷ ግን ዝም አላለችም። በኮሮናና በጦርነቱ የትግራይ ልጆች ሦስት ዓመት ገደማ ከትምህርት ርቀው ቆይተዋል። «ያኔ የአንደኛ ክፍል ተማሪ የነበረው አሁን ረጅም ልጅ ሆኗል» አለች፤ «ከትንንሾቹ ጋር ፊደል መቁጠር ያፍራል። ማንበቢያ ቤት ቢኖር ማንም ሳያየው ይለማመዳል።»

እናትየው መልስ አልሰጠችም። እኔም አልጨመርኩም። ጀበናውን አንስታ በረካውን ቀዳችልን፤ ለልጇም አንድ ሲኒ ሞላችላት።

«መንደሩ አውቶቡስ ይገባዋል?» አለቻት።