ክርስትና ያነሳ ሰው

ሕፃን ሲጠመቅ ቃል የሚገባው ሕፃኑ አይደለም። ወንድ በተወለደ በ40 ቀኑ፣ ሴት በ80 ቀኗ ወደ ክርስትና ቤት ሲገቡ አፋቸውን ገና አልፈቱም። ስለዚህ ወንዱን የክርስትና አባቱ፣ ሴቷን የክርስትና እናቷ ይታቀፉና ወደ ምዕራብ ዞረው በልጁ ፋንታ ሰይጣንን ይክዳሉ። ከዚያ ወደ ምሥራቅ ዞረው በሥላሴ ማመናቸውን ይመሰክራሉ። ሕፃኑ ሦስት ጊዜ ውኃ ውስጥ የሚነከረው ይህ ቃል ከተሰጠ በኋላ ነው። በኔ እምነት በዘመናችን ክርስትና ላይ ከሁሉ በላይ የተዘነጋው ይህ ቃል ነው።

በቅርቡ አንድ ወዳጄ ልጁን ክርስትና ሲያስነሳ አብሬ ሄጄ ነበር። አበልጁ ወደ ምሥራቅ ዞሮ ዲያቆኑ የሚነግረውን ቃል እየተቀበለ ሳለ ቪዲዮ ቀራጩ ትከሻውን ነካ አድርጎ «ወደዚህ ዞር በልልኝ» አለው። ዞረ። የጸሎተ ሃይማኖቱ ግማሽ ለካሜራው ተነገረ። ሕፃኑ ከውኃው እያለቀሰ ወጣ፣ ሜሮን ተቀባ፣ ማተብ ታሰረለት፣ ነጭ ለብሶ ቆረበ። ከሰዓት በኋላ ቤቱ በእንግዳ ተሞልቶ፣ ዶሮ ወጡ ቀርቦ ስንጫወት አበልጁን የልጁን የክርስትና ስም ጠየቅሁት። «ኃይለ…» ብሎ ቆመ። እናትየዋ ናት የሞላችለት።

በሰውየው አልፈርድበትም። ደግ ሰው ነው፤ ለልጁ የወርቅ ሐብል አምጥቷል፤ ከድግሱም ወጪ ተጋርቷል። አበልጅነት ይህ ብቻ እንዳልሆነ ግን ማንም ቁጭ አድርጎ አልነገረውም። ያ ስም ልጁ በሚቆርብበት ቀን፣ በጸሎት በሚታሰብበት ቀን፣ በመጨረሻም በፍትሐቱ የሚጠራበት ስም ነው።

ጉዳዩ ጥንትም ያሳስብ ነበር። በ200 ዓ.ም. ገደማ በሰሜን አፍሪካዋ ካርቴጅ የኖረው ጠርጡሊያኖስ ስለ ጥምቀት በጻፈው መጽሐፍ የሕፃናት ጥምቀት ቢዘገይ ይሻላል ብሎ ነበር። ከምክንያቶቹ አንዱ የክርስትና አባቶች ነገር ነው፤ ቃላቸውን ሳይፈጽሙ ሊሞቱ ይችላሉ፣ ልጁም አድጎ ጠባዩ ሊከፋባቸው ይችላል ብሎ ሰጋ። ቤተ ክርስቲያን ጥምቀቱ ይዘግይ ያለውን አልተቀበለችም፤ ደግ አደረገች። ስጋቱ ግን የሚያሳየን አንድ ነገር አለ፦ በዚያ ዘመን ክርስትና ማንሳት ሰው የሚፈራው ዋስትና ነበር። በእኛም ዘንድ ፍትሐ ነገሥት የክርስትና ልጅን ማግባት የከለከለው ዝምድናውን እንደ ሥጋ ዝምድና ስለቆጠረው ነው።

የወንጌላውያን አብያተ ክርስቲያናት አማኞች፣ በተለይ የሙሉ ወንጌልና የቃለ ሕይወት ወንድሞችና እህቶች፣ «ያላመነ ሕፃን እንዴት ይጠመቃል?» ብለው ይጠይቁናል። ጥያቄው የሚናቅ አይደለም። እኔ ጥምቀት አስቀድሞ የእግዚአብሔር ስጦታ ነው፣ ስጦታ ደግሞ ዕድሜ አይጠብቅም ብዬ አምናለሁ። ሕፃን ከመናገሩ በፊት ይወደዳል፣ ከማወቁ በፊት ይጠባል። ሆኖም ይህ መልሳችን የሚቆመው ልጁ ሲያድግ የተጠመቀበትን እምነት የሚያስተምረው ሰው ሲኖር ነው። አበልጁ ከድግሱ ማግሥት ከጠፋ ጥያቄያቸውን ራሳችን እያጠነከርንላቸው ነው።

በዋሽንግተንና በሎንዶን ለሚያድጉ ልጆቻችን ደግሞ ነገሩ ይብሳል። እዚያ ሰንበት የምትወስድ አያት፣ በዐቢይ ጾም «ጾም አይደለም እንዴ?» ብላ የምትቆጣ ጎረቤት ብዙ ጊዜ የለችም። የቀረው አበልጁ ነው።

ስለዚህ ወላጆችን የምለምነው የልጃችሁን የክርስትና አባት በኑሮው ወይም በሥልጣኑ አትምረጡት። ካህናቱንም ከጥምቀቱ ቀን በፊት አበልጁን ለብቻው ጠርታችሁ የሚገባበትን ኃላፊነት አስረዱት እላለሁ፤ በዚያ ጠዋት በሕፃን ለቅሶና በካሜራ መካከል ማስረዳት አይቻልም። አበልጁም ቢያንስ የልጁን የክርስትና ስም ይያዝ፣ በጸሎቱ ያስበው፣ ሰንበት ትምህርት ቤት ያድርሰው፣ ሰባት ዓመት ሞልቶት ጾም ሲጀምር ለምን እንደምንጾም ያጫውተው፣ ከንስሐ አባት ጋር ያስተዋውቀው። «ክርስትና አንሳልኝ» ተብሎ ይህን ሁሉ እንደማይችል የሚያውቅ ሰው በግልጽ «አልችልም» ቢል ደግሞ ወላጆች ሊቀየሙት አይገባም። ለልጁ ክብር ሰጥቶ ነው እንቢ ያለው።