የቅኔ ጸጋና የአእምሮ ሕመም በአንድ ቤት



በወልድያ፥ በመርሳና በጠቅላላው በሀብሩ አገር የአእምሮ ሕመም በገባበት ቤት ላይ ሁለት ዓይነት ፍርድ ሲፈረድ እንሰማለን። አንደኛው፥ በሽተኛው በትምህርቱ የተደነቀ እንደ ሆነ፥ «ዕውቀት በዛበትና ራሱን አዞረው» የሚለው ነው። ሁለተኛው፥ ልጅ ለመዳር ዘር ሲቈጠር፥ «በዚያ ቤት እብደት አለ» ብሎ በጤነኞቹ ወንድሞችና እኅቶች ላይ ደጅ የሚዘጋው ነው። የመጀመሪያው ፍርድ ሕመምተኛውን ያለ ሕክምና፥ ሁለተኛውም ጤነኛውን ያለ ትዳር ያስቀረዋል። ስለዚህ በዚህ ወር ነገሩን ከሥሩ ልንመረምረው ወደናል።

አገራችን የቅኔ አገር ነው። ከታወቁት ከሦስቱ የቅኔ ቤቶች አንዱ፥ ዋድላ፥ ስሙን ያገኘው በዚሁ በሰሜን ወሎ ካለው ስፍራ ነው። የቅኔ ተማሪ የሌላውን ቃል አጥንቶ መመለስ አይበቃውም፤ ከራሱ አዲስ ነገር ማፍለቅ ይገባዋል፤ ለዚሁም ከጓደኞቹ ተለይቶ ብቻውን ሲቈጥር ይውላል። ከእነዚህ ተማሪዎች አንዱ ሲታመም «ቅኔ አሳበደው» ይባላል። ዳሩ ግን ስኪዞፍሬኒያና ባይፖላር የሚባሉት ጽኑዓን የአእምሮ ሕመሞች አብዛኛውን ጊዜ የሚጀምሩት በጉርምስናና በወጣትነት ዘመን ነው፤ ይኸውም ተማሪው በቅኔ ቤት የሚገኝበት ዕድሜ ነው። ሁለቱ በአንድ ወቅት ስለ ተገናኙ ብቻ አንዱ ሌላውን ወለደው አያሰኝም። ትምህርት ይገባኛል ብሎ አስተናግር የቀመሰ ተማሪም ቢቃዥ፥ ያወከው መርዙ ነው እንጂ ቅኔው አይደለም።

ታዲያ በጸጋውና በሕመሙ መካከል ምንም ዝምድና የለምን? አለ፤ ነገር ግን ብዙ ሰው እንደሚያስበው አይደለም። የስዊድን አገር ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2011 የ300,000፥ በ2013 ደግሞ ከ1 ሚሊዮን በላይ የሚሆኑ ሕሙማንን መዝገብ ከዘመዶቻቸው መዝገብ ጋር አስተያይተዋል። እንዳገኙትም፥ በኪነ ጥበብና በሳይንስ ሥራ የሚኖሩ ሰዎች፥ ከባይፖላር ሕመምና ከደራስያን ወገን በቀር፥ ከሌላው ሕዝብ ይልቅ ሕሙማን አይደሉም። ነገር ግን የስኪዞፍሬኒያና የባይፖላር ሕሙማን ጤነኞች ወንድሞችና እኅቶች በእነዚህ ሥራዎች ከሚጠበቀው ቍጥር በላይ ተገኝተዋል።

ሊቃውንቱ ምክንያቱን ሲገምቱ እንዲህ ይላሉ፤ ሕመሙ የሚመጣው ከአንድ ውርስ ሳይሆን ከብዙ ጥቃቅን ውርሶች ነው። ከእነዚህ ጥቂቱ የደረሰው ሰው የተራራቀውን ነገር የሚያገናኝ፥ ሰሙን ከወርቁ የሚያዋሕድ አእምሮ ሊያገኝ ይችላል፤ ብዙው የደረሰውና መከራ የተጨመረበት ግን ሊታመም ይችላል። የታላቁ ሊቅ የአልበርት አይንስታይን ታናሽ ልጅ ኤድዋርድ፥ ሕክምና ሲማር በ20 ዓመቱ ገደማ በስኪዞፍሬኒያ ታመመ፤ እ.ኤ.አ. በ1965 በዙሪክ እስኪሞት ድረስ ብዙ ዘመኑን በሆስፒታል አሳለፈ። ታላቅ ወንድሙ ሃንስ አልበርት ግን በአሜሪካ የውኃ ምሕንድስና ሊቅና የዩኒቨርሲቲ መምህር ሆነ። ቤቱ አንድ ሲሆን ዕጣው ልዩ ልዩ ነበረ።

ዘር የሚቈጥሩ ሽማግሎቻችንም ይህን ልብ ይበሉ። ስኪዞፍሬኒያ ከ100 ሰው መካከል ወደ 1 የሚሆነውን ይይዛል። ከወላጆቹ አንዱ የታመመበት ልጅ የመታመሙ ዕድል ከ100 ወደ 10 ከፍ ይላል፤ 90 ያህሉ ግን አይታመሙም። እኛ የምንፈርደው በእነዚህ በ90ዎቹ ላይ ነው። በቡታጅራ አካባቢ በሕሙማን ቤተ ሰቦች ላይ ተደርጎ እ.ኤ.አ. በ2001 የታተመው ጥናት እንደሚያስረዳው፥ ከ100 ዘመዶች 75ቱ በሕመሙ ምክንያት መገለል ተሰምቷቸዋል፤ 37ቱም ዘመዳቸው መታመሙን ሊሰውሩ ይሻሉ። የተሰወረ ሕመም ደግሞ ወደ ሐኪም አይደርስም።

አንዳንድ ወላጅ ሐኪም ዘንድ ከደረሰ በኋላም «መድኃኒቱ የልጄን ጸጋ ያጠፋበታል» ብሎ ይሰጋል። ሞገንስ ሹ የሚባል የዴንማርክ ሐኪም እ.ኤ.አ. በ1979 ባወጣው ጽሑፍ፥ ለባይፖላር ሕመም ሊቲየም የሚባለውን መድኃኒት የሚወስዱ 24 የኪነ ጥበብ ሰዎችን ጠይቆ ነበር። 12ቱ ሥራቸው እንደ ጨመረ፥ 6ቱ እንዳልተለወጠ፥ 6ቱ እንደ ቀነሰ ነገሩት። እንግዲህ ሥጋቱ ፈጽሞ ባዶ አይደለም፤ ነገር ግን ከአራቱ ሦስቱ ምንም አልጐደለባቸውም። ሥራው የቀነሰበትም ለሐኪሙ ነግሮ መጠኑን ያስተካክል እንጂ በራሱ ፈቃድ መድኃኒቱን አይጣል።

ስለዚህ በቤታችሁ ያለ ወጣት ሌሊት ከሌሊት እንቅልፍ አጥቶ ድካም የማይሰማው፥ ንግግሩ የማይቋረጥ፥ ገንዘቡን የሚበትን፥ ወይም ማንም የማይሰማውን ድምፅ የሚሰማ ቢሆን፥ «ጸጋ በዛበት» ብላችሁ አትደነቁ፤ «ተረገምን» ብላችሁም በጓዳ አትቈልፉበት። ፈጥናችሁ ወደ ወልድያ ወይም ወደ ደሴ ሆስፒታል ውሰዱት። ጠበል የሚጠመቅም ቢሆን መድኃኒቱን አያቋርጥ፤ መጽሐፈ ሲራክ በ38ኛው ምዕራፍ ለሕመምተኛው ጸሎትንም ሐኪምንም ባንድነት አዝዞለታልና። በሰንሰለት ማሰር ግን ሥቃይን ይጨምራል እንጂ አያድንም።

ጤነኞቹንም ልጆች በወንድማቸው ሕመም ምክንያት ከትምህርት አታስቀሩአቸው፤ ለጋብቻም ሲጠየቁ አንገታችሁን አትድፉ። ሽማግሌ መጥቶ ቢጠይቃችሁ እውነቱን ሳትሰውሩ ንገሩት፤ ከላይ የጻፍነውንም ቍጥር አብራችሁ ንገሩት።