ማን ለማን መለሰ?

«ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ» ይላሉ አበው። የጥናትም ነገር ሥር አለው፤ ሥሩም ከእኛ በፊት የተጻፈው ነው። በማኅበራዊ ሳይንስ የምርምር ጽሑፍ ውስጥ ይህን ሥር የሚቆፍረው ምዕራፍ ክለሳ ድርሳናት ይባላል። ውድ አንባቢያን ሆይ፣ ርእሱ ደረቅ ነው ብላችሁ አትለፉኝ፤ ጉዳዩ የንባብ ጉዳይ ነው፤ ንባብ ደግሞ የሁላችንም ነው።

ከዓመታት በፊት ለሁለተኛ ዲግሪ መመረቂያዬ፣ በፋርጣ ገበሬዎች ዘንድ ወንድምና እኅትን ስለሚያጣላው የመሬት ውርስ እጽፍ ነበር። ደብረ ታቦር በወላጆቼ ቤት ተቀምጬ ክለሳ ድርሳናቱን ሠላሳ ገጽ አደረስሁት። አንዱ አንቀጽ «እገሌ እንዳለው» ብሎ ይጀምራል፤ ቀጣዩ «እገሊት ደግሞ እንዳለችው» ይላል። ብዛቱ አኮራኝ። በዚያው ሰሞን የአባቴ ወዳጅ የሆኑ የመጻሕፍት መምህር ከጋይንት መጥተው ቤታችን አርፈው ነበርና ምን እንደምጽፍ ጠየቁኝ። በአማርኛ እየመለስሁ ጥቂት ገጾች አነበብሁላቸው። እስክጨርስ በዝምታ ሰሙኝ።

«ልጄ፣ ሁሉም ተናገሩ፤ ግን ማን ለማን መለሰ?» አሉኝ።

«የኔታ፣ ሁሉም የተናገሩት ስለ መሬት ነው» አልሁ።

«እሱማ ገበያ ውስጥም ሁሉም ይናገራል» አሉና ወደ ዳዊታቸው ተመለሱ።

ያ ቃል እንቅልፍ ነሣኝ። ሌሊቱን ጽሑፌን ደግሜ አየሁት። ዶናልድ ሌቪን እ.ኤ.አ. በ1965 ባሳተመው «ሰምና ወርቅ» ስለ አማራ ገበሬ የጻፈው በዋናነት መንዝ ላይ ያየውን ነው። አላን ሆበን እ.ኤ.አ. በ1973 ባሳተመው መጽሐፉ ስለ ርስት የነገረን ጎጃም፣ ደጋ ዳሞት ያጠናውን ነው። በሆበን ትንታኔ ርስት በአባትም በእናትም ወገን የሚጠየቅ መብት ነው፤ አንድ ገበሬ በእጁ የሚያስገባው መሬት ግን ከዘር ቆጠራው ባሻገር በክርክር ችሎታውና በሰው ዘንድ ባለው ተሰሚነት ይወሰናል። እኔ ሁለቱን «የአማራ ገበሬ» በሚል አንድ ስም ጠቅልዬ ፋርጣ ላይ አራገፍኋቸው። የጉና ተራራ ሥር ገበሬ እንደ መንዝ ወይም እንደ ደጋ ዳሞት ገበሬ መሆን አለመሆኑን አልጠየቅሁም።

የዘመኑ ነገር ደግሞ ከዚህ ይብሳል። ሁለቱም የገለጹት የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የገጠር መሬት አዋጅ ከመውጣቱ በፊት የነበረውን ኑሮ ነው። ከአዋጁ ወዲህ መሬት የሕዝብ ሀብት ሆኗል፤ በ1989 ዓ.ም. በአማራ ክልል በልዩ ልዩ ሥፍራ መሬት እንደገና ተደልድሏል፤ ቆይቶም የይዞታ ደብተር መጥቷል። ስለ 1989ኙ ድልደላ የጻፈውን ስቬን ኤጌን ከሆበን አጠገብ አስቀምጬው ነበር፤ ነገር ግን አላነጋገርኋቸውም። የቀድሞው ርስት ጠያቂ የት ገባ? የዘር ቆጠራው ክርክር ቀረ ወይስ መልኩን ለውጦ ወደ ደብተሩ ተሸጋገረ? የጥናቴ ጥያቄ በሁለቱ መካከል ተኝቶ ነበር፤ እኔ ግን ረግጬው አልፌአለሁ።

የኔታ እንዲያ ሊጠይቁኝ የቻሉት በሌላ የንባብ ሥርዓት ስላደጉ ነው። በአንድምታ ትርጓሜ መምህሩ ንባቡን ያነብባል፤ ነጠላውን ይፈታል፤ ከዚያም «አንድም» እያለ የተለያዩትን ፍቺዎች ያመጣል፤ በታሪክና በሐተታ ያብራራል፤ በጥቅስ ያጸናል። የጎንደር ሊቃውንት ላይ ቤትና ታች ቤት ተብለው ሲለያዩ ልዩነቱ ራሱ ስም ተሰጥቶት ቆይቷል። «አንድም» ማለት ዝም ብሎ መደርደር አይደለም፤ የመጀመሪያውን ፍቺ ሳይሽሩ ሁለተኛውን ፊት ለፊቱ ማቆም ነው። በጋይንት ቤተ ልሔምም የድጓ ተማሪ ከቀደሙት የተቀበለውን ጠንቅቆ መያዙን ያስመሰክራል። ለእኔ ክለሳ ድርሳናትም እንዲሁ ማስመስከሪያ ነው።

እርግጥ ንጽጽሩ ልክ አለው። የአንድምታ መምህር የንባቡን እውነትነት አይጠራጠርም፤ ተመራማሪ ግን ሌቪንም ሆበንም ሊሳሳቱ እንደሚችሉ ይዞ መነሣት ይገባዋል። ይሁን እንጂ ሊጠራጠር የሚችለው አስቀድሞ በሚገባ የሰማ ብቻ ነው።

ምዕራፉን እንደገና ስጽፈው በደራሲ ስም ሳይሆን በጥያቄ ከፈልሁት፦ ማን ይወርሳል? ማን ይፈርዳል? ሴት ልጅ ምን ይደርሳታል? በየጥያቄው ሥር እያንዳንዱ ደራሲ የት፣ መቼና ማንን ጠይቆ እንደጻፈ አሰፈርሁ። የማይስማሙበትን አልሸፋፈንሁም። ሠላሳው ገጽ ወደ ዐሥራ አራት ወረደ። የማኅተመ ሥላሴ ወልደ መስቀል «ዝክረ ነገር»ም ያን ጊዜ ገባ። በ1942 ዓ.ም. የታተመው ይህ መጽሐፍ ስለ መሬት ሥሪትና ስለ ግብር ብዙ ይዟል፤ እኔ ግን በአማርኛ ስለተጻፈ ብቻ ከድርሳናት አልቆጠርሁትም ነበር። ይህን ስናገር ዛሬም አፍራለሁ።

ነገሩ የተማሪ ውጤት ብቻ ቢሆን ባልጻፍሁት። አንድ ጥናት ተጠቅሶ ሌላ ጥናት ይወልዳል፤ ያም ምክረ ሐሳብ ይሆናል፤ ምክረ ሐሳቡ መመሪያ ሆኖ ወደ ቀበሌ ይወርዳል። ያን ጊዜ ፋርጣ ላይ ያለች እኅት ከወንድሞቿ ጋር የምትካፈለው ማሳ፣ መንዝ ላይ ከስድሳ ዓመት በፊት በታየ ነገር ሊዳኝ ይችላል። እርሷ የማናችንንም ጽሑፍ አላነበበችም፤ የስሕተታችንን ዕዳ የምትከፍለው ግን እርሷ ናት።

የኔታ ዛሬ በሕይወት የሉም። እኔ አሁን የሌሎችን ረቂቅ የማነብ ሰው ሆኛለሁ። «እገሌ እንዳለው» የሚለው ሲደጋገምብኝ በቀይ አልሰርዝም፤ በኅዳጉ ላይ ያችኑ የየኔታን ጥያቄ እጽፋለሁ።