ይቅርታ ጠያቂው ማን ነው?

ሆሳዕና ጋዜጣ ተርፏት አያውቅም። ፍትሕ ከአዲስ አበባ ዘግይታ ስትደርስ አንዷን ቅጂ ሻይ ቤት ቁጭ ብለን ለአሥር እናነባት ነበር። እኔ ቀድሜ የምገልጠው የርዕዮት ዓለሙን ዓምድ ነው። እሷም እንደኔው መምህርት ነበረች፤ እንግሊዝኛ ታስተምር ነበር።

በሰኔ 2003 ዓ.ም. ለአባይ ግድብ ገንዘብ የሚሰበሰብበትን መንገድ ነቀፈች። ቀናት እንኳ አልቆዩ፣ ሰኔ 14 ታሰረች። “አሸባሪ” ተብላ በጥር 2004 የ14 ዓመት እስራት ተፈረደባት፤ በይግባኝ ወደ 5 ዝቅ አለ።

ኧረ ለመሆኑ ብዕር ፈንጂ ነው እንዴ? ከደሞዛችን ሲቆረጥ “ፈቅደን ነው ወይስ ተገደን?” እያልን በየመምህራን ክፍሉ ስንንሾካሾክ አልነበረም? እኛ በሹክሹክታ ያልነውን እሷ በስሟ ጻፈችው። ወንጀሏ ይኸው ነው!

ይቅርታ ጠይቂና ውጪ ስትባል እምቢ አለች። በ2005 ዩኔስኮ የሸለማት እስር ቤት እያለች ነው። የተፈታችው በሐምሌ 2007፣ ከአራት ዓመት በኋላ!

ግድቡ በጳጉሜን 2017 ተመረቀ። እሰየው! የኛም ሳንቲም አለበት፤ ደስ ብሎናል። ግን ገንዘቡ እንዴት ተሰበሰበ ብላ የጠየቀችውን ልጅ እስከ ዛሬ ማን ይቅርታ ጠየቃት?

ቸር ይግጠመን!