ሸክላውን ማን መረጠው?

የራዲዮ ሰው ከወንበሩ ሲነሣ ትዝታውን ይጽፋል፤ በትዝታውም ውስጥ የራዲዮ ወርቃማ ዘመን ምንጊዜም እርሱ በወንበሩ ላይ የነበረበት ዘመን ነው። በኒውዮርክ የደብልዩ ኤ ቢ ሲ ጣቢያ የፕሮግራም ኃላፊ የነበረው ሪክ ስክላር በ1984 እ.ኤ.አ. ያሳተመው «ሮኪንግ አሜሪካ» ከዚህ ልማድ የወጣ አይደለም። ንዑስ አርእስቱ ተወዳጅ ዘፈን ብቻ የሚያሰሙ ጣቢያዎች የበላይነቱን እንዴት እንደያዙ ሊተርክ ቃል ይገባል። የድል ታሪክ መሆኑ ነው። ድል አድራጊው ጣቢያ ግን መጽሐፉ ከመውጣቱ ሁለት ዓመት ቀደም ብሎ፣ ሜይ 10 ቀን 1982፣ ሙዚቃን እርግፍ አድርጎ ትቶ ነበር።

ስክላር ሙያውን የማያውቅ ሰው አልነበረም። በ1963 የሞና ሊዛን ሥዕል አስመስሎ የመሣል ውድድር ለአድማጮቹ አውጥቶ ሳልቫዶር ዳሊን በዳኝነት እስከማስቀመጥ የደረሰ ብልኅ ነው። (ሠዓልያን በዚህ ቢስቁ አይፈረድባቸውም።) ዋናው ብልኀቱ ግን ዝርዝሩ ነበር። በየሳምንቱ ሸክላ መሸጫዎች ዘንድ እየተደወለ የትኛው ዘፈን እንደተሸጠ ይጠየቃል፤ ከዚያም አጭር ዝርዝር ይወጣል፤ አንደኛ የሆነው ዘፈን በየሰዓቱ ገደማ ይመላለሳል። በዝርዝሩ የሌለ ዘፈን እንዳልተፈጠረ ይቆጠራል።

የዚህ አሠራር ጠበቆች አንድ ከባድ መከራከሪያ አላቸው፤ ይኸውም በ1959 እና በ1960 የአሜሪካ ምክር ቤት የመረመረው የጉቦ ጉዳይ ነው። የሸክላ ኩባንያዎች ዘፈናቸው እንዲሰማ ለሸክላ አጫዋቾች ገንዘብ ያቀብሉ ነበር። ዝነኛው አለን ፍሪድ ጉቦ አልተቀበልኩም ብሎ ለመፈረም እምቢ በማለቱ በ1959 የተባረረው ከዚሁ ከደብልዩ ኤ ቢ ሲ ነው። ስለዚህ ምርጫው ከግለሰብ እጅ ወጥቶ ወደ ቁጥር መዛወሩ እንደ ጽዳት ተቆጠረ። ጉቦው መወገድ ነበረበት። ሆኖም ሌባውን ለማስወጣት ሲባል ባለቤቱም አብሮ ከቤቱ ተባረረ። የመደብር መዝገብ የገዛውን ሰው ይቆጥራል፤ መግዣ የሌለውን አይቆጥርም። ገና ያልተሰማ ዘፈን እንዴት ይገዛል? ያልተገዛስ እንዴት ይሰማል?

ወርቃማ ዘመን ከተባለ በሜምፊስ ከተማ ይፈለግ። ደብልዩ ዲ አይ ኤ በ1948 ለጥቁር አሜሪካውያን ሲከፈት ባለቤቶቹ ነጮች ነበሩ፤ የከፈቱትም ለጽድቅ ሳይሆን ከኪሳራ ለመዳን ነው። ቢሆንም ማይክራፎኑን የጨበጠው ናት ዊልያምስ የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የታሪክ መምህር ነበር፤ ቀን ከሚያስተምራቸው ልጆች ወላጆች ጋር በራዲዮ ይጨዋወታል። የጠፋ ሰው የሚፈለገው፣ የጠፋ ዕቃ የሚነገረው በዚያ ጣቢያ ነው። ቢ ቢ ኪንግም ስሙ በማንም የሽያጭ ዝርዝር ላይ ሳይኖር የተሰማው በዚያው ነው። የሰማውና የመረጠው ሰፈሩን የሚያውቅ ጆሮ ነበር።

ዝርዝር ግን ሰፈር የለውም። ለኒውዮርክ የወጣው ለሌላው ከተማ የማይሠራበት ምን ምክንያት አለ? ከዝርዝር በቀር የማያዳምጥ ጣቢያስ ሰው ለምን ይቀጥራል? በ1996 የወጣው የቴሌኮሙኒኬሽን ሕግ አንድ ባለቤት በመላ አገሪቱ ከ40 ጣቢያ በላይ እንዳይዝ ይከለክል የነበረውን ገደብ ሲያነሣ፣ ክሊር ቻነል የተባለው ኩባንያ በጥቂት ዓመታት ከ1,200 በላይ ጣቢያ ሰበሰበ። ስክላር በ1992 ስለሞተ ይህን አላየም፤ ሕጉንም ያወጣው እርሱ አይደለም። ነገር ግን ወንበሩ ባዶ ቢሆንም ዘፈኑ እንደማይቋረጥ ካስተማሩት ዋነኛው እርሱ ነው።

ጃንዋሪ 18 ቀን 2002 ሌሊት፣ በሰሜን ዳኮታ በማይኖት ከተማ አጠገብ አሞኒያ የጫነ ባቡር ሐዲዱን ስቶ መርዙ በከተማይቱ ላይ ነፈሰ። ስድስቱም የንግድ ራዲዮ ጣቢያዎች የክሊር ቻነል ነበሩ። ፖሊስ ሕዝቡን ለማስጠንቀቅ ወደ ጣቢያው ቢደውል የሚያነሣ አጣ። ኩባንያው ጥፋቱን የፖሊስ የአደጋ ጊዜ መሣሪያ በአግባቡ ባለመዘጋጀቱ ላይ ጥሎ ተከራክሯል። በዚያች ሌሊት አንድ ሰው ሞተ፤ በመቶ የሚቆጠሩ ታመሙ። ጣቢያዎቹ ዘፈን ያሰሙ ነበር።