አክተሩ ለምን ሞተ?

ከሚደርሱኝ ደብዳቤዎች አብዛኛዎቹ የፍቅርና የትዳር ናቸው። የዛሬው ግን የፊልም ጠብ ነው። መጀመሪያ ሳነበው ሳቅሁ፤ ሁለተኛ ሳነበው ሳቄ ጠፋ። ከደብረ ታቦር የተጻፈ ሲሆን አሳጥሬ አቀርበዋለሁ።

«ከታናሽ ወንድሜ ጋር ከተኳረፍን አምስት ወር ሆነን። በእኛ አቆጣጠር በ1980ዎቹ መጨረሻ፣ ልጆች ሳለን፣ በሽልንግ ቪዲዮ ቤት እየገባን ስንት ፊልም አይተናል! ከሁሉም የምንወደው ሁለተኛውን ተርሚኔተር ነበር። እንግሊዝኛ የምሞክረው እኔ ስለነበርኩ አግዳሚው ላይ ከጎኔ አስቀምጬ በጆሮው እተረጉምለታለሁ። የማላውቀውን ከራሴ እጨምራለሁ። በኋላ እሱ ዐረብ አገር ሄደ። ባለፈው ቡሄ መጣና ‹የኛ ፊልም አዲስ ወጥቷል፣ እንደ ድሮው አብረን እንይ› ብሎ ስልኩን አወጣ። ገና ከመጀመሩ ያን ልጅ፣ ጆንን፣ ገደሉት! ያውም አርኖልድን በመሰለ ማሽን! ብድግ ብዬ ‹ይኼ የኛ ፊልም አይደለም፣ ዝጋው!› አልኩ። ‹ፊልም እኮ ነው፣ አንተ ድሮ ላይ ቀርተሃል› አለኝ። እኔም ‹አንተ ነህ ከሄድክ ወዲህ የተለወጥከው› አልኩት። በማግስቱ ሳይሰናበተኝ ሄደ። ሚስቴ ትስቅብኛለች። እውነት ልጅ ሆኜ ነው?»

ውድ ጠያቂያችን፣ ልጅ አልሆኑም። ከሆኑም ብቻዎን አይደሉም። ቪዲዮ ቤት ያደገ ሁሉ አንድ ሕግ ያውቃል፤ አክተር አይሞትም!

ጄምስ ካሜሮን የመጀመሪያውን ተርሚኔተር እንደ ፈረንጆቹ በ1984፣ እናንተ የወደዳችሁትን ደግሞ በ1991 ሠራ። በ2003 እና በ2009 በሌሎች ዳይሬክተሮች እጅ ቀጠለ። በ2015 «እንደገና እንጀምረው» ተባለና ታሪኩ ወደ 1984 ተመልሶ ተገለባበጠ፤ ጆን ራሱ ማሽን ሆኖ ቁጭ አለ። እኔ የተናደድኩት ያኔ ነው። በ2019 ደግሞ ከሁለተኛው በኋላ የተሠሩት ሁሉ እንዳልነበሩ ተቆጥረው፣ እናትየዋን የተጫወተችው ሊንዳ ሃሚልተን ተመልሳ፣ ልጁ በመክፈቻው ተገደለ። «ታዲያ እናቱ ያን ሁሉ የታገለችው ለምን ነበር?» ያለ ተመልካች በየአገሩ ብዙ ነው። የወደዱትም አልጠፉም፤ ፊልሙ ግን ከሰረ።

ባለ ፊልሞቹ ይህን የሚያደርጉት ለክፋት አይደለም። የታወቀ ስም ገበያ አለው። ከእነሱ ጋር መከራከር ውኃ ቢወቅጡት እምቦጭ ነው።

ደግሞ ሁሉም እንዲህ አያልቅም። ከ1966 ጀምሮ በቴሌቪዥን የታወቀው ስታር ትሬክ በ2009 በወጣት ተዋንያን እንደገና ሲጀመር፣ የድሮውን ስፖክ የተጫወተው ሌናርድ ኒሞይ በእርጅናው መጥቶ ከወጣቱ ስፖክ ጋር ተገናኘ። አዲሱ በሌላ መንገድ ሄደ እንጂ የድሮውን አላጠፋም። ብዙ የቆዩ ወዳጆቹም ተቀበሉት።

እርስዎ የደብረ ታቦር ሰው ነዎት። የአጼ ቴዎድሮስን ታሪክ ስንቱ እንደ አዲስ ጀመረው! ግርማቸው ተክለ ሐዋርያትና ፀጋዬ ገብረ መድኅን በተውኔት፣ ብርሃኑ ዘሪሁን በ«የቴዎድሮስ ዕንባ»፣ አቤ ጉበኛ በ«አንድ ለናቱ»። ሴባስቶፖል ጋፋት ላይ መሠራቱን፣ መጨረሻውም በ1860 ዓ.ም. መቅደላ ላይ መሆኑን ሁሉም ያውቃል። የእያንዳንዱ ቴዎድሮስ ግን ሌላ ነው። «የኔ ቴዎድሮስ እንዲህ አይደለም» የሚል አንባቢም አይጠፋም። ሆኖም አንዱ መጽሐፍ ሌላውን ከመደርደሪያ አላወረደውም። የእናንተም ፊልም እዚያው አለ፤ ማንም አልነካውም።

አሁን ወደ ዋናው ልምጣ። እንደሚመስለኝ ያስቆጣዎት የጆን ሞት ብቻ አይደለም። ወንድምዎ ዛሬ ፊልሙን ያለ እርስዎ ትርጉም ይሰማዋል። ግን ልብ ይበሉ፤ ብቻውን ሊያየው ሲችል አገር አቋርጦ ይዞት የመጣው ከጎንዎ ለመቀመጥ ነው። እርስዎ «ዝጋው» ሲሉት እሱ የሰማው «ከአጠገቤ ተነሣ» የሚል ሳይሆን አይቀርም።

ሽማግሌ አያስፈልጋችሁም። ታላቅ ነዎትና ቀድመው ይደውሉ። ስለ ፊልሙ ማን ትክክል እንደሆነ አያንሱ። «ያን ቀን ሳላስጨርስህ ተነሣሁ፣ ጥፋቱ የኔ ነው» ይበሉት። ሲመጣ መጀመሪያ የድሮውን፣ ቀጥሎ የእሱን እዩ። አዲሱን ሊጠሉት ይችላሉ፤ እስከ መጨረሻው ግን ይቀመጡ። በዚህኛው ዙር እሱ ይተርጉምልዎት። የማያውቀውን ከራሱ ይጨምር።